ሳይሳደቡ ምን ጨዋታ አለ!

እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ቅዳሜ ቅዳሜ የልጄ ልጅ ቤዝቦል ሲጫወት እንዳይ ታጣፊ ወንበር ላይ ያስቀምጡኛል። ልጁ የራስ ቁር ደፍቶ ይገባል። ወርዋሪው ይወረውራል፣ የኛው ይስታል። አሁንም ይወረውራል፣ አሁንም ይስታል። በሦስተኛው "ውጣ" ተባለ፤ ወጥቶ ተቀመጠ። ማንንም ሳይሰድብ! እናቱ ደግሞ ታጨበጭባለች። ምኑ ነው የሚጨበጨበው?

ዱላውስ ቢሆን? ከሱቅ የተገዛ አልሙኒየም። እኛ መንዝ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ፣ እግዜር ይቅር ይበለንና፣ ነቢያቱን ትተን ለገና ጨዋታ ጫፉ የቆለመመ ወይራ ፍለጋ ነበር የምንዞረው። ከብቱ የሰው ማሳ ይገባል፤ የኛ ዓይን ዛፍ ላይ ነው። መልካም ቆልማማ ደግሞ የሚበቅለው ሁልጊዜ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው፤ አለቃው እያንዳንዱን ቅርንጫፍ እንደ ንስሐ ልጃቸው ያውቁታል። ቀጥ ያለውን ያገኘ በእሳት እያሞቀ ያጎብጣል። እኔ የገና ዱላዬን እናቴ ለጸጉሯ ካስቀመጠችው ቅቤ እየቀባሁ አቅፌው እተኛ ነበር። ሚስቴን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ያን ያህል አልተንከባከብኳትም።

የገና ዕለት የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር መስኩ ላይ ይገናኛሉ። ቀኑ ታኅሣሥ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ 28 ስለሚውል ከአራቱ ወንጌላውያን ዮሐንስን አብልጬ እወድ ነበር። ስንት ለስንት ብሎ የሚቆጥር የለም፤ እግር ያለው ሁሉ ይገባል። ኳሳችን ሩር ከእንጨት ጉጥ የተጠረበች ናት፤ የተቃራኒውን ወሰን እስክታልፍ ድረስ በቅልጥም ትመጣለች፣ በቁርጭምጭሚት ትሄዳለች። እነዚህ የቤዝቦል ልጆች ግን ዘጠኝ ሆነው ሜዳ ላይ ተበታትነው፣ እጃቸውን ቆዳ ውስጥ ከተው ኳስ ይጠብቃሉ። መጠበቅማ እኔም እችላለሁ።

ግን ልቤን የወሰደችው ሩሯ አልነበረችም። ማታ አሸናፊው ሲጨፍር የሚወርደው ስድብ ነው! በዚያች ቀን ጌታ አይቆጣም፤ ደንብ ነው። ዓመቱን ሙሉ ግብር ክፈሉ እያለ የሚያንቀጠቅጠን ጭቃ ሹም ከተሸናፊው ወገን ከተገኘ አፍንጫው፣ በቅሎው፣ የሚስቱ ጠላ ቅጥነት ሁሉ በግጥም ይወጣል። እኔ ብላቴናው ስለ በቅሎዋ አንድ ግጥም ጣል አደረግሁ። አባቴ ደነገጠ። ጭቃ ሹሙ ግን ጥርሱን ነክሶ ሳቀ፤ ምን ያድርግ? ያን ዕለት ነው ጨዋታ የሚባል ነገር የያዘኝ፤ እስካሁን አለቀቀኝም።

አገር ቤትም ቢሆን አልተሻለም። የአዲስ አበባው የገና ሜዳ ጃንሜዳ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ አትክልት ተራ ሆኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲራገጥበት ከረመ። እዚህማ ገና ሲደርስ ልጆቹ የጥጥ ጢም የለጠፈ ሰውዬ ጭን ላይ ለመቀመጥ ይሰለፋሉ፤ የራሴን ጢም ያበቀልኩት እኔ ዳር ቆሜ ኮታቸውን እይዛለሁ።

ቤዝቦላቸው ላይ ግን አንድ ነገር ብቻ ወድጄላቸዋለሁ። ቴሌቪዥን ላይ ሳይ አሠልጣኙ፣ ቦርጩን አስቀድሞ፣ እሱም እንደ ተጫዋቾቹ ማልያ ለብሶ፣ ዳኛው አፍንጫ ሥር ገብቶ ይጮኻል፤ አፈር በእግሩ ይበትናል፤ ይባረራል። የአትላንታ ብሬቭስ አሠልጣኝ የነበረው ቦቢ ኮክስ በመደበኛ ውድድር ብቻ 158 ጊዜ ተባሮ ክብረ ወሰን ይዟል። ቀጡት? ኧረ በ2014 እ.ኤ.አ. ከቤዝቦል ዝነኞች አዳራሽ አስገቡት!

ይህን እንደሰማሁ ልጄን ጠራኋትና "ለልጁ ቡድን አሠልጣኝ ያድርጉኝ ብለሽ ጠይቂልኝ" አልኳት።

"አባባ፣ ሕጉን መቼ ያውቁታል?"

"ምን ሕግ አለው? መጮህና መባረር ነው። ደሞዝ አልጠይቅም፤ ማልያውን ብቻ ሰፋ አድርገው ይስጡኝ። ከሥሩ ጋቢ እደርባለሁ።"