ልጅ በዕድሉ ያድጋል አሉ?

«የዘንድሮ ሴት ጠገበች፣ መውለድ ጠላች» አሉ ጋሼ፣ የደቡብ ኮሪያን ወሬ ሰምተው። ኧረ ጋሼ፣ ደከማት! የሕዝብ ቁጥር ባለበት እንዲቆይ አንዲት ሴት በአማካይ 2.1 ልጅ መውለድ አለባት። እዚያ በ2023 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ) 0.72 ነበር፤ ሴኡል ከተማ ብቻ ሲታይ ደግሞ 0.55። አገር ሙሉ ሴት ተመካክራ አትጠግብም።

«ልጅ እኮ በዕድሉ ያድጋል!» እስቲ ሴኡል፣ ዴቺ ዶንግ የሚባል ሰፈር ማታ አራት ሰዓት ላይ ብቅ ይበሉ። ሃግዎን የሚባሉት የግል ማስጠኛ ቤቶች በሕግ ተገደው የሚዘጉት ያን ሰዓት ነው። ቦርሳ ያጎበጠው ልጅ ከየፎቁ ይጎርፋል፤ ወላጅ መኪናውን ደርድሮ ይጠብቃል። ሰዓቱ ባይገደብ ከዚያም ባመሹ ነበር። በ2023 ብቻ ወላጆች ለግል ማስጠኛ ከ27 ትሪሊዮን ዎን በላይ ከፍለዋል። የልፋቱ ሁሉ መድረሻ በኅዳር የሚሰጠው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ነው፤ የእንግሊዝኛ ማዳመጥ ሲጀመር አውሮፕላን እንኳ አይነሳም፣ አያርፍም። አውሮፕላን በሚያስቆም ፈተና ፊት ልጇን ለዕድሉ የምትተው እናት ከየት ትምጣ? አንዱን ለማድረስ ወገቡ የተቆረጠ ወላጅ ሁለተኛ ውለድ ሲሉት ቢደነግጥ እውነት አለው።

«ወላድ በድባብ ትሂድ» ብለን እንመርቃለን። ኮሪያዊቷ ወላድ ግን ድባቡ ቀርቶባት ደመወዟን ባላጣች! ካደጉት አገሮች የሴትና የወንድ ደመወዝ በሰፊው የሚራራቀው እዚያ ነው፤ ሠላሳ በመቶ ገደማ። ለልጇ ብላ ሥራ ከለቀቀች በኋላ ስትመለስ የድሮ ወንበሯን የሚያስቀምጥላት ጥቂት ነው። ቤት ስትገባስ? በ2019 በተደረገ የጊዜ አጠቃቀም ጥናት፣ ባልና ሚስት ሁለቱም በሚሠሩበት ቤት እሷ ለቤት ሥራ በቀን ሦስት ሰዓት ስታጠፋ የእሱ አንድ ሰዓት አልሞላም። ወንድሜ፣ «ባህል ነው» አትበለኝ። ባህልህን ይዘህ ጓዳ ግባና ጡጦ እጠብ!

«መንግሥት ገንዘብ ይስጣቸዋ!» ሰጠ እንጂ። ከ2006 ወዲህ ከ200 ትሪሊዮን ዎን በላይ አፈሰሰ። ገንዘብ አይጠላም፤ አባትን ግን ከቢሮ በጊዜ አላስወጣም። ደግሞስ በ1960 ስድስት ያህል ትወልድ የነበረችውን እናት «አሳንሺ» ያላት ማን ሆነና? የመንግሥት የወሊድ ቅነሳ ዘመቻ በ1962 ተጀመረ። በኋላ «ሁለትም ይበዛል» እስከማለት ደረሰ፤ እንዳይወልድ በቀዶ ሕክምና ለማስቋጠር የፈቀደ ወንድ ከተጠባባቂ ጦር ሥልጠና ነፃ ይደረግ ነበር፣ በአፓርታማ ወረፋም ቅድሚያ ይሰጠው ነበር። በ1983 ቁጥሩ ከ2.1 ወርዶም ፖሊሲው እስከ 1996 አልተቀየረም። አያቷ ለምን ወለድሽ ተባለች፣ የልጅ ልጇ ለምን አልወለድሽም ትባላለች። ማህፀን ሲሻቸው የሚዘጉት፣ ሲሻቸው የሚከፍቱት የቧንቧ ውኃ አይደለም!

«እሱ የኮሪያ ጣጣ ነው» እንዳይሉኝ እትዬ። የ2005ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዲስ አበባ ላይ ያገኘው 1.4 ነው፤ በ2016 ደግሞ 1.8። ያኔ ገጠሩ ከአምስት በላይ ይወልድ ነበር። የከተማዋን ወሊድ መቀነስ ያጠኑ ሰዎች ከዘረዘሯቸው ምክንያቶች ውስጥ የጋብቻ መዘግየት፣ ሥራ አጥነትና የቤት እጥረት አሉበት። ጥጋብ የሚል አላየሁም። እና እትዬ፣ ልጅዎን «መቼ ነው የልጅ ልጅ የምታሳዪኝ?» ከማለትዎ በፊት የቤት ኪራይዋ ስንት እንደደረሰ ይጠይቋት።