ታክሱ ንጹሕ፣ ካሸሩ ርኩስ

የኮሎራዶ ግብረ ገብ እጅግ ረቂቅ ነውና ተራ ሰው ቶሎ አይገባውም። ዴንቨርንና ኦሮራን በሚያገናኘው በኮልፋክስ ጎዳና የሐበሻ ምግብ ቤቱም የማሪዋና መደብሩም ታፔላቸውን ሰቅለው በግልጽ ይነግዳሉ። ሕዝቡ በ2012 በስቴቱ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ 64 ማሪዋናን ፈቀደ፤ ሽያጩም በ2014 በዴንቨር በጃንዋሪ፣ በኦሮራ በኦክቶበር ተጀመረ። ስቴቱ ዛሬ ከችርቻሮው 15 በመቶ፣ ከጅምላው ሌላ 15 በመቶ ይሰበስባል፤ በገንዘቡም ትምህርት ቤት ይገነባል። ባለመደብሩ ኢንቨስተር፣ ታክስ ሰብሳቢው አገር ወዳድ ተብለዋል። ታዲያ በዚህ ሁሉ የተባረከ ንግድ ውስጥ አንድ ነውረኛ መገኘት ነበረበትና እሱም ተገኘ፦ ባለግሪን ካርዱ ካሸር! የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በአፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ በስቴት ሕግ በተፈቀደ የማሪዋና መደብር መቀጠር እንኳ «መልካም ጠባይ የለውም» ሊያሰኝና ዜግነት ሊያስከለክል እንደሚችል አስታወቀ። የዴንቨር ከንቲባ የነበሩት ማይክል ሃንኮክም በጊዜው ይህን ተቃውመው ለፌዴራሉ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ አቤቱታ ጽፈው ነበር።

«የፌዴራል ሕግ ከስቴት ሕግ በላይ ነው፤ እዚያ ሥራ ግባ ብሎ ማን አስገደደው?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በ1970 የወጣው ሕግ ማሪዋናን ከሄሮይን እኩል መደበው። ይሁንና ያው ፌዴራል መንግሥት ከነዚሁ መደብሮች የገቢ ግብር ሲቀበል እጁ አልተንቀጠቀጠም። ንግዱ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ለዓመታት የኪራይና የደመወዝ ወጪያቸውን አልቀንስም አለ፤ ግብሩን ግን እስከ ሳንቲሟ ተቀበለ። ገንዘቡን የቆጠረው መንግሥት ጠባዩ ሳይጓደል፣ ለደንበኛ መልስ የቆጠረው ካሸር ተጓደለ። እንዲህ ከሆነ ኃጢአት የሚለካው በፓስፖርት ቀለም ነው።

ምሕረቱም ቢሆን ከዚህ ጥበብ አልራቀም። ገዥው ጃሬድ ፖሊስ በኦክቶበር 2020 አንድ አውንስና ከዚያ በታች ማሪዋና በመያዝ ለተሰጡ 2,732 ፍርዶች ይቅርታ አደረጉ። ለዜጋው ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ። በዚሁ ጥፋት ሁለት ጊዜ የተፈረደበት ባለግሪን ካርድ ግን የገዥውን ይቅርታ በኪሱ ይዞም ቢሆን ከመባረር አይድንም፤ የኢሚግሬሽን ሕጉ በዕፅ ጥፋት የተሰጠ ይቅርታን አይቀበልምና። የስደተኞች ማቆያው ያለውም ሩቅ አይደለም፤ እዚያው ኦሮራ ነው። «ዕፅ ልጆቻችንን ያጠፋል» የሚሉ ወላጆች ሥጋት ተገቢ ነው። ነገር ግን ይህ ሕግ ልጁን ከዕፁ አላዳነውም፤ መደብሩ ክፍት ነው። ጎጂ ከሆነ ለሁሉም ይከልከል፤ የተፈቀደ ከሆነም ለሁሉም ይፈቀድ።

እስከዚያው ግሪን ካርድ የያዛችሁ ወገኖች፣ ከዕፁም ከመደብሩ ደመወዝም ራቁ፤ የዜግነት ማመልከቻ ከመሙላታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። ዜግነት ያገኛችሁ ደግሞ ድምፃችሁን ሊጠይቅ የሚመጣውን የኮንግረስ ዕጩ ይህን ሕግ ታስተካክላለህ ወይ ብላችሁ ጠይቁት።