ለኮረም ሰው፣ ለንግግር ተከራይ

በየደረጃው የተለጠፈው ማስታወቂያ ስብሰባው እሑድ ጠዋት 2፡30 እንደሚጀመር ይናገራል። እኛ የኮንዶሚኒየም ሰዎች 2፡30 ማለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቁርስ ተበልቶ፣ ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ መሆኑን እናውቃለን። 3፡30 ላይ ሰብሳቢው በፕላስቲክ ወንበሮቹ መሐል እየተዘዋወሩ ቆጠሩን። ኮረም አልሞላም። ደግመው ቆጠሩ፤ በሁለተኛው ዙር እኔን ጨምሮ ተከራዮቹ ሁሉ ገባን፤ እናቷን ተከትላ የመጣች ልጅም ሳትቆጠር አልቀረችም። ሞላ።

አጀንዳው አንድ ነው፦ ማንሆሉ። የነሐሴ ዝናብ ሲበረታ ገንፍሎ ምድር ቤት ገብቷል። እዚያ የሚኖሩት ሴትዮ እጃቸውን አወጡ። በስንት ሰዓት እንደሚሞላ፣ ከስንተኛ ፎቅ ውኃ ሲለቀቅ እንደሚብስ ጠንቅቀው የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

«ይቅርታ እናቴ፣ የቤቱ ባለቤት ነዎት?»

«ተከራይ ነኝ።»

«እንግዲያው በታዛቢነት ይከታተሉ። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የማኅበሩ አባል ባለቤቱ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ፍሳሹ ነው እንጂ ካርታ ሳይጠይቅ የሚገባው።

ዕድሉ ለባለቤቶች ተሰጠ። አንደኛው ከአያት በመኪና የመጡ ናቸው፤ ዕጣ የወጣላቸውን ዕለት፣ ማን ደውሎ እንዳበሰራቸው፣ እናታቸው እንዴት እልል እንዳሉ ተረኩልን። ደስ ይል ነበር። መኪናቸውን ያቆሙት ማንሆሉ ላይ ነው። ቀጥሎ አንድ ወጣት ውክልናውን አሳይቶ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገ፤ አጎቱ ከቨርጂኒያ ናቸው። እዚያ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልፏልና ለትጋታቸው ተጨበጨበላቸው። «እኔ ቁልፍ ስረከብ ሕንፃው ምንም ችግር አልነበረበትም» አሉ። ቁልፍ የተረከቡት በ2001 ዓ.ም. ነው። ለቃለ ጉባኤ ተያዘ።

ድምፅ ሲሰጥ እጃችንን ጭናችን ላይ አድርገን ተቀመጥን። ማንሆሉን ለማስመጠጥ በየቤቱ 500 ብር እንዲዋጣ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፤ ሰብሳቢው ብሩ «ከነዋሪው» እንደሚሰበሰብ ሲያነቡ ነዋሪ የተባልነው ማን እንደሆንን ገባን። ወዲያው የፊርማው ወረቀት ዞረ፤ በዚህኛው ላይ ባለቤትና ተከራይ ብሎ የለየን የለም።

ሊበተን ሲል የምድር ቤቷ ሴትዮ እንደገና እጃቸውን አወጡ። «አስተያየት ሳይሆን ልመና ነው፤ የሚቀጥለው ስብሰባ እኔ ደጅ ይሁንልኝ። ወንበሩንም ቡናውንም እኔ እችላለሁ።»

ሰብሳቢው ትንሽ አሰቡና፣ ጥያቄው በባለቤታቸው በኩል በጽሑፍ እንዲቀርብ አዘዙ።