ከጎን የምትመጣዋ ሶስ

ትኩስ የበሬ ሥጋና ቺዝ በቶርቲላ ጠቅልሎ፣ መጥበሻ ላይ ግራ ቀኙን አገላብጦ፣ መሐሉ ላይ ቆርጦ እንደማቅረብ ያለ ግልግል የለም። ዕቃ አያበዛም፣ ሹካ አይፈልግም፣ ቆሞም ተቀምጦም ይበላል። ራፕ ከሚባለው ከዚህ ጥቅል ጋር ምንም ጠብ የለኝም። ጠቤ ከጎኑ ከምትቀመጠው ከዚያች የሶስ ስኒ ጋር ነው። ታውቋታላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ካቻፕና ማዮኔዝ ተደባልቆ ሮዝ የሆነባት፣ ሼፉ የተራቀቀ ዕለት ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ጣል የተደረገባት ናት። እያጠቀሳችሁ ብሉ ተብላ ነው የመጣችው። ምኑን ነው የምናጠቅሰው? ሥጋው ውስጥ ነው፣ ቺዙም ውስጥ ነው፣ ሁለቱም ተጠቅልለው ተዘግቶባቸዋል። ደጅ የቀረው ቂጣው ብቻ ነው። እሱም ቢሆን በቀላሉ አይገባም፤ የስኒዋ አፍ ከራፑ ወገብ ይጠባልና። ተመጋቢው አንዱን ጫፍ ጨመቅ አድርጎ ወደ ስኒዋ ሲያስጠጋ ቺዙ በሌላው ጫፍ ይወጣል። ከዚያ ሁለት እጅ ለራፑ፣ አንድ እጅ ለስኒዋ፣ አንድ እጅ ለሶፍቱ ያስፈልጋል። ፈጣሪ ይህን ሁሉ አስቦ አልፈጠረንም።

ነገሩን ረጋ ብለን እንየው። ማጥቀስ የሚያምረው የሚጠቀሰው ነገር መረቅ ሲይዝ ነው። እንጀራ ይይዛል። ሊጡ ሲቦካ የፈጠረው አየር ምጣዱ ላይ ሲግል ወደ ላይ እየፈነዳ ፊቱን ዓይን በዓይን ያደርገዋል፤ አብሲቱ በወጉ የተጣለ ከሆነማ መቁጠር ነው። በአንድ ፊቱ ብቻ ስለሚጋገር ዓይኖቹ እንደተከፈቱ ይቀራሉ፣ ወጡም የሚገባው በእነሱ ነው። የስንዴ ቶርቲላ ዓላማው ሌላ ነው። ሊጡ አይቦካም፣ ስብ ይገባበታል፣ ተዳምጦ ይሳሳል፣ በሁለት ፊቱ ይበስላል። ውስጡ ያለው እንዳይወጣ፣ ውጪ ያለውም እንዳይገባ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ለመጠቅለል የተመረጠውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ሮዟን ሶስ ስታስነኩት ጥቂት ተንጠልጥላ ትቆይና ሸሚዝ ላይ ታርፋለች። መረቅ እንዳያስገባ ብለን የመረጥነውን ቂጣ፣ መረቅ አላስገባ አለ ብለን ስኒ ውስጥ ስንደፍቀው እንውላለን።

አንድ ጊዜ ከተነከሰ በኋላ አፉ ይከፈት የለም ወይ፣ ሥጋውም ሶሱን ያገኛል፣ የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ያገኛል። ግን ያኔ ስኒዋ ውስጥ የሚገባው የተነከሰ ነገር ነው። ስኒዋ የአንድ ሰው ብቻ ከሆነች ግድ የለም፤ ቤት ውስጥ ግን ሶስ የሚቀርበው በአንድ ጎድጓዳ ሳህን ለሁሉም ነው። የአሜሪካው ክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ብስኩት በማጥቀስ ሞክረውት ነበር፤ የተነከሰ ብስኩት ካልተነከሰው ይልቅ ብዙ ባክቴሪያ ወደ ሶሱ ይዞ እንደሚገባ አሳይተዋል። እኛ እንኳ፣ ከአንድ ትሪ የምንበላውና እርስ በርስ የምንጎራረሰው፣ የነከስነውን እንጀራ መልሰን ወጥ ውስጥ አንነክርም። የሚነክር ልጅ ቢገኝ እናቱ በዓይኗ ብቻ ታቆመዋለች።

ታዲያ እኛስ በአዋዜ እያጠቀስን እንበላ የለም ወይ? እንበላለን፤ ግን ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ ልብ በሉ። ጥሬ ሥጋ ሲቆረጥ አዋዜው፣ ሚጥሚጣው፣ ሰናፍጩ ከጎን ይቀመጣል። ሥጋው ዕራቁቱን ነው። በራሱ ገላ አዋዜውን ይነካል፣ ይዞም ይወጣል። በመሐላቸው ቂጣ አልገባም። እንጀራ ካለም የሚጠቀለለው ከተጠቀሰ በኋላ ነው፤ ጉርሻ ሲሠራ መጀመሪያ ወጡ ይወሰዳል፣ ቀጥሎ ይጠቀለላል፣ በመጨረሻ አፍ ውስጥ ይገባል። ራፕ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦታል። መጀመሪያ ይዘጋል፣ ቀጥሎ እንድታጠቅሱ ትጋበዛላችሁ። ራፕ የፈረንጅ ጉርሻ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ልዩነት ቢያዩት ምሳሌያቸውን ይተውታል። ጉርሻ ደግሞ አይነከስም፤ ከገባ ገባ ነው።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ የሚመጣው ከራሳቸው ከአሜሪካኖቹ ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፍሬንች ዲፕ የሚባል፣ የበሬ ሥጋ የሚገባበት ትኩስ ሳንድዊች አለ፤ ስሙ እንደሚለውም መረቅ ውስጥ ይነከራል። ማን ጀመረው በሚለው ላይ ሁለት ምግብ ቤቶች፣ የፊሊፕ ቤትና ኮልስ፣ ሲከራከሩ ኖረዋል። ሁለቱም የተከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1908 ነው፤ ስለዚህ ዕድሜ አያስታርቃቸውም። የፊሊፕ ቤት እንደሚለው ነገሩ የተጀመረው በ1918 ዳቦው በስሕተት ከተጠበሰው ሥጋ መረቅ ውስጥ ሲወድቅ ነው። ለእኔ ክርክር የሚጠቅመው ግን ማን ቀደመ የሚለው አይደለም። በፊሊፕ ቤት ዳቦውን መረቁ ውስጥ የሚነክረው ሥጋውን የሚቆርጠው ሠራተኛ ነው፤ ነክሮ፣ ሥጋውን አስገብቶ፣ ያለቀ የደቀቀ ነገር ያቀብላችኋል። በጣም እንዲርስ የፈለገ ይናገራል፣ እንደገና ይነከርለታል። ኮልስ ግን መረቁን በዕቃ ለብቻው ከጎን የሚያቀርብ ቤት ሆኖ ነው የታወቀው። ማነው የጀመረው ብትሉኝ አልፈርድም፤ ማነው ልክ ብትሉኝ ፊሊፕ ነው። በዚያ ላይ የሁለቱም መረቅ ከዚያው ሥጋ የወጣ ነው፣ ዳቦውም ውስጡ ክፍት ስለሆነ ይጠጣል።

ከዚህም የሚቀርብ ዘመድ አለ፤ የሜክሲኮው ቢሪያ። መነሻው ጃሊስኮ ነው፣ በፍየል ሥጋ። ወደ ሰሜን ቲጁዋና ላይ ግን በበሬ ሥጋ ይሠራ ጀመር፤ ከቺዝ ጋር የሚጠበሰው ታኮም ከዚያው አካባቢ ነው የተስፋፋው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሥጋው በደረቅ ቃሪያና በቅመም ለሰዓታት ይቀቀላል፣ ከላይ ቀይ ስብ ይሰፍፋል። ሠሪው የበቆሎውን ቶርቲላ እዚያ ስብ ውስጥ ነከር አድርጎ ብረት ምጣዱ ላይ ይጥለዋል፣ ቺዙንና ሥጋውን ይጨምርበታል፣ ያጥፈዋል፣ እስኪደርቅ ይጠብሰዋል። መረቁ በሳህን ይከተላል፣ ሽንኩርትና የድንብላል ቅጠል ተነስንሶበት። እዚህ ቤት ተመጋቢው ቢያጠቅስ ያምርበታል። ሥጋው ሲዋኝበት የኖረውን መረቅ ነው እንደገና የሚገናኘው፣ ቂጣውም አስቀድሞ የእሱን ስብ ጠጥቷል። ታኮውም ቢሆን ታጠፈ እንጂ አልታሸገም። ከቢሪያ ላይ ማጥቀሱን ብቻ ወስዶ መረቁን በማዮኔዝ መተካት ግን፣ ይቅርታ፣ ዝምድና አይሆንም።

እንግዲያው ሶሱ እዚያው ራፑ ውስጥ ይግባ ሲባል፣ ቂጣው ይበሰብሳል የሚል መልስ ይመጣል፤ ይህ የማብሰል ጥያቄ ስለሆነ በማብሰል ይመለሳል። ግማሽ ኪሎ ሽንጥ ለአራት ራፕ ይበቃል። ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪዘር ውስጥ ቢቆይ ጠንከር ስለሚል ቢላዋው ስስ አድርጎ ይወስደዋል፤ አቆራረጡም የሥጋውን ክር አቋርጦ መሆን አለበት፣ አለበለዚያ አንድ ጊዜ ነክሳችሁ ሥጋው በሙሉ ተስቦ ይወጣል። ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ መጥበሻው እስኪጨስ ማጋል፣ ሥጋውን በሁለት ሦስት ዙር መጥበስ። አንድ ላይ ከተዘረገፈ መጥበሻው ይቀዘቅዛል፣ ሥጋው ውሃ ይለቃል፣ ውሃው እስኪያልቅ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ አይዘልም፤ ያ ቅቅል እንጂ ጥብስ አይባልም። ከዚያ ቶርቲላው ሞቅ ይደረግ፣ ቀዝቃዛው ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ቺዝ፣ በላዩ ሥጋ፣ በሥጋው ላይ ሶስ፣ እንደገና ቺዝ። ቺዙ ሲቀልጥ በቂጣውና በሶሱ መሐል የስብ ግድግዳ ይሆናል። ጎንና ጎኑን አጥፎ መጠቅለል፣ መገጣጠሚያውን ወደ ታች አድርጎ ያለ ዘይት መጥበስ። ሶሱ ወፈር ያለ እርጎ፣ አንድ ማንኪያ አዋዜ፣ ከተገኘ ትንሽ ሰናፍጭ። አለቀ።

ቺዙ የቱ ይሁን ለሚለው፣ እዚህ አገር ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አይብን ነው፤ ማሰቡም አያስነውርም፣ ከክትፎ ጋር ያለውን ታሪክ እናውቃለን። ራፕ ውስጥ ግን አይብ አይቀልጥም። እሳቱን ብትጨምሩ አይቀልጥም፣ ብትከድኑት አይቀልጥም፣ ብትለምኑትም አይቀልጥም። ምክንያቱ አወጣጡ ነው። ወተቱ ረግቶ፣ ተንጦ፣ ቅቤው ከወጣለት በኋላ የቀረው አሬራ ለስ ባለ እሳት ሲሞቅ ነው አይቡ ከአጓቱ የሚለየው። አሲድና ሙቀት አብረው ያረጉት ፕሮቲን እንደገና ሲሞቅ አይላላም፣ ይልቅ ውሃውን እየተፋ ይደርቃል። የሕንዶቹ ፓኒርና የጣሊያኖቹ ሪኮታም እንደዚሁ ናቸው። ሞዛሬላና ፕሮቮሎኔ ግን ወተቱ በሬኔት የረጋ ነው፤ ፕሮቲኑ ሲሞቅ ይላላል፣ በመሐሉ ያለው ስብም ይፈሳል፣ ያ የምንወደው ክር ይሳባል። በጣም ከሰነበተ ቺዝ ደግሞ ዘይቱ ለብቻው ይወጣል። ለዚህ መላ የመቱት ቺዝን ከሚያያይዝ ጨው ጋር አቅልጠው እንደገና ያረጉት ሰዎች ናቸው፤ ጄምስ ክራፍትም አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1916 ቺዝን አሙቆ በማቀነባበር ዘዴ ላይ የፈጠራ መብት አግኝቷል። በፕላስቲክ ተለብጦ የሚሸጠው ቅጠል ቺዝ የዚያ የልጅ ልጅ ነው። ጣዕሙን አላወድስም፤ ግድግዳ በመሆን ግን የሚያህለው የለም። ስለ ሶስ ስናወራ እዚህ መድረሳችን ይገርማል፤ ግን አይብ ከተነሳ ማን ያቆመናል።

ወደ ስኒዋ ልመለስ፤ የሚያናድደው መጥበቧ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩም። የሚያናድደው የምትሸፍነው ነገር ነው። ሶስ ከጎን አለ ስለተባለ ሥጋው ጨው አይነካውም። ሶስ አለ ተብሎ ሽንኩርቱ ሳይበስል ይወርዳል። ሶስ አለ ተብሎ ሥጋው በገዛ ውሃው ተቀቅሎ፣ ግራጫ ሆኖ፣ በቂጣ ተሸፍኖ ይመጣል፤ ከውጪ ማን ያየዋል? ማብሰል ማለት ማጣፈጥ ነው፤ ያንን ሥራ ትቶ ግማሹን ለበላተኛው በስኒ ማስረከብ፣ በዚያ ላይ ተጨማሪ ስኒ ሲጠየቅ ለብቻዋ ሒሳብ መጻፍ፣ ድፍረት ነው። ወጥ ሠሪ ጨውና በርበሬ በሳህን አቅርባ ለራሳችሁ አጣፍጡት ብትል ማን ዝም ይላታል? ራፕ ላይ ሲሆን ግን ይኸው ነገር አገልግሎት ይባላል።

ቢሆንም ሚዛን ላይ የሚቀመጥ ነገር አለ። ሁሉም ሰው እኩል በርበሬ አይችልም። ልጆች አሉ። ጨጓራ ያለባቸው አሉ፤ እኛ አገር ከአራት ሰው መሐል ጨጓራዬን የማይል ቢገኝ ለሰልፊ ይፈለጋል። እነዚህን ሁሉ አዋዜ ውስጡ አስገብቶ ማስገደድ ጭካኔ ነው፤ ለእነሱ ሶሱ ከጎን ቢሆን ተገቢ ነው፣ ይህን ክርክር አላሸንፈውም። ምናልባት መፍትሔው እርጎውን ውስጥ፣ አዋዜውን ውጪ ማድረግ ይሆናል። ወይም ለእያንዳንዱ ሰው እየጠየቁ መጠቅለል፤ ግን ይህ ሲሆን አሠራሩ ቀላል መሆኑ ቀርቶ ሠሪዋ ቆማ ትውላለች፣ ሌላው ሁሉ በልቶ ሲጨርስ እሷ የመጨረሻውን የተቃጠለውን ትበላለች።

ሠሪዋ ከዚህ የምታርፈው በጾም ቀን፣ ረቡዕና ዓርብ ነው። ሥጋው የፍስክ ነው፣ ቺዙም የፍስክ ነው፣ እርጎውም እንዲሁ፣ ማዮኔዙ ውስጥም ዕንቁላል አለ። በእስራኤል ኮሸር የሚጠብቁ ወገኖቻችን ቤት ደግሞ ሥጋና ቺዝ አንድ ላይ በየትኛውም ቀን አይሆንም፤ ለእነሱ ከሁለቱ አንዱን መርጦ መጠቅለል ነው። ለጾሙ እንጉዳይ ወይም ድንች በአዋዜ ጠቅልሎ መጥበስ ይቻላል፣ ጥሩም ይሆናል። ብቻ ቶርቲላውን ስትገዙ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። አሁን ብዙዎቹ በአትክልት ዘይት ነው የሚሠሩት፤ በሰሜን ሜክሲኮ በሶኖራ በባህላዊው አሠራር ግን የስንዴ ቶርቲላ ሊጥ የሚታሸው በአሳማ ስብ ነው።