ምሬት በጋሎን

ቅዳሜ ጠዋት፣ በአንድ የአሜሪካ ከተማ ዳርቻ፣ አርባ ዓመት ያለፈው የኮምፒውተር ባለሙያ መኪናውን ከጋራዥ አውጥቶ ደጅ ያቆማል። የመኪናው ቤት ዛሬ ለከበደ ጉዳይ ይፈለጋል። የማይዝግ ብረት ድስት፣ የጋዝ ምድጃ፣ እንደ እባብ የተጠቀለለ የመዳብ ቱቦ፣ ሦስት ቴርሞሜትር፣ የስኳር መጠን መለኪያና ግራም የሚቆጥር ሚዛን በተርታ ተሰልፈዋል። ሰውዬው የጎማ ቦቲውን ተጫምቶ፣ ሽርጡን ታጥቆ፣ ቀዶ ሕክምና ሊገባ እንደተዘጋጀ ሐኪም እጁን በጸረ ተህዋሲያን ያሻል። ሚስትየዋ ልጆቹን ይዛ እህቷ ዘንድ ሄዳለች፤ ሽታውን ታውቀዋለች። ይህ ሁሉ ሰልፍ ጥግ ካለው ሱቅ በአሥር ደቂቃ ተገዝቶ የሚመጣውን ቢራ ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ በእጥፍ ወጪና በግማሽ ጣዕም ለመጠጣት ነው።

እንዲህ ያለው መብት በዋዛ አልተገኘም። የአሜሪካ የመጠጥ ክልከላ እ.ኤ.አ. በ1933 ሲነሳ በቤት ወይን መጥመቅ ተፈቀደ፤ ቢራ ግን ተረሳ። ያስታወሱት ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ናቸው። በኦክቶበር 1978 የፈረሙት ሕግ በተከታዩ ዓመት ሥራ ላይ ሲውል አንድ አዋቂ በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ያለበት ቤት ደግሞ 200 ጋሎን ያለ ቀረጥ እንዲጠምቅ ፈቀደ። 200 ጋሎን 757 ሊትር ገደማ ነው፤ ለቀን ሲካፈል ሁለት ሊትር ይደርሳል። አላባማና ሚሲሲፒ ነገሩን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲያብላሉት ቆይተው በ2013 ፈቀዱ።

ታዲያ ነፃ የወጣው ሰው ምን ይጠምቃል? ዓለም የስንዴ ቢራ አላት፣ ጥቁር ቢራ አላት፣ ለበጋ የሚስማማ ቀለል ያለ ቢራም አላት። የጋራዡ ጀግና ግን አይፒኤ (ኢንዲያ ፔል ኤል) የሚባለውን መራራ ቢራ ይጠምቃል። ባለፈው ወር አይፒኤ ጠምቆ ነበር፤ በሚቀጥለው ወር ለለውጥ ያህል የባሰበት አይፒኤ ይጠምቃል።

የአይፒኤ ነፍሱ ሆፕ ነው። ሆፕ በሐረግ ላይ የሚንዠረገግ አረንጓዴ አበባ ሲሆን፣ ጌሾ ለጠላ የሚሠራውን ለቢራ ይሠራል። ሲፈላ በውስጡ ያለው አልፋ አሲድ ይለወጥና መራራ ይሆናል፤ ምሬቱም አይቢዩ በሚባል መስፈሪያ፣ በሊትር በሚሊግራም ይቆጠራል። ቀለል ያለው የአሜሪካ ላገር 10 አካባቢ ነው፤ አይፒኤ ከ40 እስከ 70 ይሄዳል። ቁጥር ካለ ደግሞ ፉክክር አለ። በኮፐንሃገን የሂሳብና የፊዚክስ መምህር የነበረው ሚኬል ቦርግ ቢየርግሶ ከቤት ጠማቂነት ተነስቶ ሚኬለር የተባለውን ድርጅት ካቋቋመ በኋላ «1000 አይቢዩ» የሚል ስም ያለው ቢራ ለገበያ አቅርቧል። ፈሳሽ ያን ያህል ምሬት አሟሙቶ መያዝ አይችልም፤ ምላስም ከመቶ ሲያልፍ መለየት ያቅተዋል። ቁጥሩ ግን ጠርሙሱ ላይ ያምራል፤ የሂሳብ መምህር መሆን ለካስ ለዚህ ይጠቅማል።

ምሬት ያለ ታሪክ አይዋጥምና ጠማቂው ታሪክም አዘጋጅቷል። እንግዳ ጫማውን ሳያወልቅ ይጀምርለታል፦ እንግሊዞች ሕንድ ላሉ ወታደሮቻቸው የሚልኩት ቢራ በመንገድ እየተበላሸ ቢያስቸግራቸው፣ ጆርጅ ሆጅሰን የተባለ የለንደን ጠማቂ ሆፑን አብዝቶ አይፒኤን ፈለሰፈ። ትረካው ልብ ይነካል። እንከኑ ሁለት ብቻ ነው፦ በዚያው ዘመን ፖርተር የሚባለው ጥቁር ቢራ በዚያው ባሕር፣ በዚያው ሙቀት በገፍ ይጓጓዝና በደህና ይደርስ ነበር። ሆጅሰንም ቢሆን ቀድሞ የነበረ ቢራ ላከ እንጂ አዲስ ነገር አልፈለሰፈም።

ይበልጥ የሚጥመው እውነተኛው ታሪክ ነው። ቪኒ ሲሉርዞ በ1994 ካሊፎርኒያ፣ ተሜኩላ በሚገኘው ብላይንድ ፒግ ቢራ ፋብሪካ ዛሬ «ድርብ አይፒኤ» የሚባለውን ጠመቀ። ሆፑን ለምን እንዲያ እንዳበዛው ራሱ ሳይደብቅ ተናግሯል፦ ዕቃው ያረጀና ተራ ስለነበር፣ የሚፈጠረውን መጥፎ ጣዕም የሚሸፍንለት ነገር ፈልጎ ነው። ሲሉርዞ ሙያተኛ ነውና ኋላ ዕቃውን አሻሻለ። የጋራዡ ደቀ መዝሙር ግን ከዚህ ሁሉ ትምህርት የያዘው መሸፈኛውን ብቻ ነው። እርሾው ሞቆት እንደ ቀለም ማቅጠኛ ሸተተ? ሆፕ ይጨመርበት። ድስቱ በደንብ ሳይታጠብ ቀርቶ ኮመጠጠ? ሆፕ ይጨመርበት። ኬን ግሮስማን ሴራ ኔቫዳ የተባለውን ፋብሪካ በ1980 ችኮ ከተማ ውስጥ ሲጀምር የመጀመሪያዎቹን ጥምቆች እስኪጥሙት ድረስ ደጋግሞ ደፍቷቸዋል። የመድፋት ሙያ ጋራዥ ውስጥ አልገባም።

ለጠላ አገር ሰው ይህ ግራ የሚያጋባ ነው። ጠላ ጠማቂዋ ጋኗን በግራዋ ፈትጋ፣ በወይራ አጥና፣ ጥንስሱን ጥላ፣ ከጥንስስ ወደ ድፍድፍ ስታልፍ ቴርሞሜትሯ እጇ ነው። እሷ ዘንድ «ጌሾ በዝቶበታል» ማለት ነቀፋ ነው፤ ጎረቤት ሰምቶ ያማታል። ምስኪኗ ሴት ሜዳሊያ የሚያሸልመውን ጥፋት እንደ ነውር ስትሸሸው ኖራለች።

ሁለቱ ዓለሞች የሚገናኙበት ቦታም አለ። ማር በጥብጦ «ጥንታዊ የኢትዮጵያ ጠጅ» ልሥራ የሚል አሜሪካዊ ጠማቂ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ባሉት የሐበሻ ሱቆች ከበርበሬውና ከሽሮው አጠገብ ጌሾ ፈልጎ ይመጣል። ስልኩን አውጥቶ የጌሾውን የአልፋ አሲድ መቶኛ ይጠይቃል። ጌሾ የሆፕ የቅርብ ዘመድ ያልሆነ ተክል ነው፤ ያ አሲድ በውስጡ የለም። ባለሱቋ እናት ግን ይህ ሁሉ ትንታኔ ምን ያደርግላቸዋል?

«እፍኝ ይበቃሃል ልጄ፤ ከዚያ ቀምሰህ እየው» ይሉታል።

«እፍኝ ስንት ግራም ነው?»

እጃቸውን ዘርግተው ያሳዩታል። እሱም የእጃቸውን ፎቶ ያነሳል።

አምስተኛው ሳምንት ደርሶ እንግዶች ይጠራሉ። ከተሞሉት ጠርሙሶች ሁለቱ በሌሊት ጓዳ ውስጥ ፈንድተው ነበር፤ ለጋዙ ተብሎ የሚጨመረው ስኳር በዝቷል። በመስኮቱ በኩል ፀሐይ ያገኛቸውም አሉ። ብርሃን የሆፑን መራራ ውሕድ ሲሰብረው የሚፈጠረው ነገር፣ ስካንክ የተባለው እንስሳ ጠላቱን ለማባረር ከሚረጨው የአንድ ቤተሰብ ኬሚካል ነው። የተረፈው ይቀዳል። ቀለሙ የጎርፍ ውሃ ይመስላል፤ ጠማቂው «ጉም» ይለዋል። «ማንጎው ይሸታችኋል? ጥዱስ?» ሲል ይጠይቃል። አንዱ እንግዳ ይጎነጭና አንድ ዓይኑ ለብቻው ይጨፈናል። ምላሱ ጥርሱ ላይ ተጣብቆ ለመላቀቅ ይታገላል። ከዚያም፣ አስተዳደግ ክፉ ነውና፣ «ለየት ያለ ነው» ይላል።

አበቃ። ከዚያች ቃል በኋላ ሰውዬው አዲስ ድስት ያዛል።

እዚህ ላይ የካርተርን ሕግ መልሶ ማንበብ ይጠቅማል፤ በቤት የተጠመቀ ቢራ ለሽያጭ አይውልም። ጠላ ሻጯ ደጇ ላይ ጣሳ በእንጨት ሰክታ ስትውል ፍርዷን በዕለቱ ታገኛለች፤ ጠላው ካልጣመ ጠጪው አንድ ጣሳ ከፍሎ ወደ ቀጣዩ ቤት ይሻገራል፣ ነገም አይመለስም። የጋራዡ ጠማቂ ግን ደንበኛ የለውም፤ ያለው እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ በነፃ ስለሚጠጣ እውነት ለመናገር አፍ የለውም።

ስለዚህ ነገሩን የሚያስቆመው ከእንግዶች አንዱ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ የተጠራችሁ፣ ብርጭቆውን ግማሽ ላይ አስቀምጡና በቀና ልብ «ወንድሜ፣ መረረኝ፤ ውሃ ስጠኝ» በሉት። ቢቀየማችሁ ለአንድ ሳምንት ነው፤ ዝም ካላችሁት ግን 757 ሊትሩን አብራችሁት ትጨርሳላችሁ።