ፍሪጅ ሲገዙ መብራቱን አይጠይቁ

ከሁሉ በፊት ፍሪጁን ይግዙ፤ የመብራቱ ነገር ቀስ ብሎ ይደረስበታል። ሰበታ ወይም ቡራዩ ቤት ሠርቶ የገባ ሰው መጀመሪያ የራሱን ቆጣሪ ቢያስገባ፣ ቀጥሎ ምሽት ላይ ሶኬቱ ውስጥ ስንት ቮልት እንዳለ በኤሌክትሪሺያን ቢያስለካ፣ መርካቶ የሚወርደው በመጨረሻ ቢሆን፣ ግዢው ምን ጣዕም ይኖረዋል? እርስዎ በሩ የሚያብረቀርቀውን ይምረጡ። ልኩን የሚወስነው የሳሎንዎ ግድግዳ ነው። ወጥ ቤት ያስቀመጡትን ፍሪጅ ማን እንግዳ ያይልዎታል?

መብራቱን ከጎረቤት ይሳቡ። ገመዱ ቀጭንና ረጅም ይሁን፤ አጥር ተሻግሮ በባሕር ዛፍ እንጨት ላይ እየተንጠለጠለ ቢመጣ ይመረጣል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሸገር በሚባል አንድ ከተማ ተጠቃለዋል፤ ቮልታቸው ግን ገና አልተጠቃለለም። የህዳሴው ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ኃይሉ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ከጉባ ይምጣና የመጨረሻዋን መንገድ በእርስዎ ክር በምታህል ሽቦ ይጨርስ።

ውጤቱን ለማየት ጎረቤትዎ እንጀራ የሚጋግሩበትን ሰዓት ይጠብቁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። መብራቱ ይደክማል፤ ኮምፕረሰሩ «እምምም» ብሎ ይሞክርና «ጠቅ» ብሎ ይተወዋል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «እምምም… ጠቅ»። ይህን ሲሰሙ «እየሠራ ነው» ብለው ይተኙ። ኮምፕረሰር ሲነሣ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኃይል ይፈልጋል፤ ሳይነሣ በቀረ ቁጥር የሞተሩ ሽቦ ይግላል። ቀስ ብሎ የሚነሣ፣ ባለ ኢንቨርተር ኮምፕረሰር የሚባል ዓይነት አለ። ሻጩ ሊያሳይዎ ቢሞክር ዋጋውን ብቻ ጠይቀው ይለፉት።

ስታቢላይዘር ለቴሌቪዥኑ ይበቃል። ለፍሪጅ የሚሆነው መብራት ከመጣ በኋላ የተወሰኑ ደቂቃዎች አዘግይቶ ይለቃል፤ በቱቦው ውስጥ ያለው የጋዝ ግፊት እስኪመጣጠን ማለት ነው። ልጆቹ «መጣ!» ብለው ጮኸው እርስዎ ሦስትና አምስት ደቂቃ ሊጠብቁ? ወዲያው ይሰኩት።

የሱሉልታ ሰው ከዚህ የረቀቀ ስህተት ይጠብቀዋል። ፍሪጁ ላይ በተለጠፈችው ወረቀት ላይ የአየር ጠባይ ምልክት አለ። «ኤስኤን» የሚለው ከ10 እስከ 32 ዲግሪ ባለበት ክፍል፣ «ቲ» የሚለው ከ16 እስከ 43 ዲግሪ ባለበት ክፍል እንዲሠራ የታሰበ ነው። ወረቀቷን አያንብቡ። ሻጩ «የዱባይን ሙቀት የቻለ የሱሉልታ ብርድ ያቅተዋል?» ሲልዎ ይሳቁና «ቲ» ያለበትን ያስጭኑ። ከዚያ በረንዳ ላይ ወይም በቆርቆሮው ሰርቪስ ቤት ያቁሙት። የታኅሣሥ ሌሊት ከእንጦጦ ጀርባ እንዴት እንደሆነ ያውቁታል። በአንድ ቴርሞስታት በሚሠራ ፍሪጅ፣ የታችኛው ክፍል በብርዱ ብቻ ይቀዘቅዛል፤ ቴርሞስታቱ የሚያዳምጠው እሱን ነውና ኮምፕረሰሩን ያሳርፈዋል። ላይ ፍሪዘር ውስጥ ያለው ሥጋ ግን ይቀልጣል። መብራት ሳይጠፋ፣ ያውም በብርድ አገር፣ ሥጋ ማበላሸት የሁሉም ሰው ችሎታ አይደለም።

አሜሪካ ያለ ዘመድ ፍሪጅ ልላክ ካለ እሺ ይበሉ። የዚያ አገሩ በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ፣ የእኛ በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ ይሠራል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፤ ኸርዙን የሚያስተካክለው ጸሎት ነው።

መስመር ጨርሶ ላልደረሰበት ሰፈር፣ ወይም መናገሻ ሱባ ጫካ ድንኳን ተክሎ ለሚያድር፣ ሶላር አለ። ወረቀቷ ላይ የዓመት ፍጆታው 300 ኪሎዋት ሰዓት ነው የሚል ካዩ ለ365 አያካፍሉት። ያካፈለ ሰው በቀን 800 ዋት ሰዓት ያህል እንደሚያስፈልገው ይደርስበታል። ቀጥሎም 12 ቮልትና 100 አምፒር ሰዓት የሆነች ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ብትይዝም፣ ባለ አሲዷ ከግማሽ በታች እየተሟጠጠች ብዙ እንደማትቆይ ያውቃል፤ እንቅልፉም ይሄዳል። እርስዎ የመኪናዎን ባትሪ ፈትተው ያምጡ። ሞተር ለማስነሣት መሠራቷን ማን ይነግራታል? ፓኔሉን በጥር ፀሐይ ያሰሉት፤ ሐምሌ ራሱ ያውቃል። ከላይ የሚከፈተውንና በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራውን ግን እንዳያስቡት። ክዳኑ ሲነሣ ቅዝቃዜው እንደ ቋሚው ተንዶ አይወጣም፣ ባትሪም ይቆጥባል፤ ቤትዎን ግን የለስላሳ መሸጫ ያስመስለዋል።

ዕቃው ሲመጣ አይሱዙው ላይ አጋድመው ይጫኑት፤ ዘይቱ ወደ ቱቦው ይፍሰስ። እንደወረደ ይሰኩት። ጀርባውን ከግድግዳው ጋር ያጣብቁት፤ ሙቀቱ የትም አይሂድ። መብራት ሲጠፋ በየግማሽ ሰዓቱ በሩን እየከፈቱ ቀዝቃዛ መሆኑን በእጅዎ ይዳስሱ። ሳይከፈት ቢቆይ ታችኛው ክፍል 4 ሰዓት፣ ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት ይይዛል፤ ግማሽ የሆነው 24። ስለዚህ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ፍሪዘሩን ባዶ ያድርጉት፤ ክፍት ቦታው ላይ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ሞልቶ ማስገባት ለማን ይጠቅማል? ለፋሲካ ዶሮ ወጡን ከነድስቱ፣ እንፋሎቱ ሳይበርድ፣ ይክተቱት።

አንድ ቀን ማቀዝቀዙን ያቆማል። የሚመጣው ጠጋኝ «ጋዝ ጨርሷል» ይላል። ጋዙ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ የሚዞር እንጂ እንደ ቤንዚን የሚያልቅ ስላልሆነ፣ የት ጋ እንደሚያፈስ ጠይቀው ሰውየውን አያስቀይሙ። ያስሞሉት። በወሩ ደግመው ያስሞሉት። በሦስተኛው መደርደሪያዎቹን አጽድተው በርበሬውን፣ ሽሮውንና የልጆቹን ደብተር ያስገቡበት፤ ቀጣዩን ሲገዙ ሁለት በር ያለውን ያስቡ።