ሁለት ሃይላንድ ውሃ

ያን ቅዳሜ ውሃ የማምጣት ተራው የኔ ነበር። ቀለም፣ ብሩሽና ወረቀት እያንዳንዱ የየራሱን ይይዛል፤ ውሃውን ግን ባለተራው በሁለት ትልልቅ ሃይላንድ ለስምንታችንም ያመጣል።

ታዲያ እኔ ክረምቱን ሙሉ አንድ ሥዕል ሳልሠራ ነው የከረምኩት። የውሃ ቀለም የሚያያዘው በግራር ሙጫ ነው፤ ውሃ ካልነካው እንደ ድንጋይ ይደርቃል። እኔም እንደዚያው ደርቄ ነበር። ጓደኞቼ «ባትሥልም ና፣ አብረኸን ዋል» ባይሉኝ መስከረምም ባለፈኝ። ዋናው ነገር ከወፍራሙ ባለ 300 ግራም የጥጥ ወረቀት አንድ ብቻ ቀርቶኝ ነበር፤ አንድ ሲቀር ደግሞ እጅ ይፈራል። ታክሲ ውስጥም ያችኑ ወረቀት አቅፌ፣ እንዳትታጠፍብኝ ስጨነቅ እንጦጦ ማርያም ደረስኩ። ጓደኞቼን ከሩቅ ሳይ ነው ሃይላንዶቹ ትዝ ያሉኝ። ሞልቻቸው እቤት፣ በሩ ሥር ቀርተዋል።

ሳያዩኝ ወደ መንደሩ ተመለስኩ። ሱቁ ዝግ ነው። አንድ ግቢ አንኳኩቼ ውሃ ብለምን፣ «ውሃ ከጠፋ ሦስት ቀኑ ነው ልጄ፤ ያለችኝን ጀበና ውስጥ ጨምሬያታለሁ። ግባና ቡና ጠጣ» አሉኝ እማማ። እንዴት እንቢ ይባላል? ገባሁ። ወረቀቴን ከረከቦቱ አጠገብ አስደገፍኩ። አቦሉን በጥድፊያ ጨልጬ ብድግ ስል ጉልበቴ ረከቦቱን መታው፤ ለጎረቤት የተቀዳው ሲኒ ሁሉ ወረቀቴ ላይ ተገለበጠ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የኔው ግን የሚለቀም አልነበረም። በውሃ ቀለም ብርሃኑ ያልተነካው ወረቀት ራሱ ነው፤ አንዴ ከጠጣ ማን ይመልሰዋል? እማማ ከኔ ብሰው ደነገጡ። በረካውን በጣሳ ሞልተው «ባዶ እጅህን አትሂድ» አሉኝ።

ሰባት ሰው ብሩሹን ይዞ ይጠብቀኛል። «ውሃውስ?» ሲሉኝ ጣሳውን ዘረጋሁ፤ ቃል አልወጣኝም። አንገቴን እንደደፋሁ ታላቃችን ወረቀቱን ተቀበሉኝ። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማሩ ሰው ናቸው። ወደ ፀሐይ አዘንብለው ብዙ ቆዩ። ቡናው ሲደርቅ ጠርዙ ላይ ጠቁሮ መሃሉ ላይ ሳስቷል፤ የውሃ ቀለምም ሲደርቅ እንዲሁ ነው የሚያደርገው።

«እየው፣ ጉም የያዘው ባሕር ዛፍ እኮ ነው። ግንዱን ብቻ ጨምርበት።»

ብሩሼን በረካው ውስጥ ነከርኩ። ሌሎቹም ጣሳውን ከበቡት፤ ስምንታችንም ከአንድ ጣሳ ሠራን። ሩቁን ተራራ በአንድ ንብር፣ ቅርቡን ዛፍ እየደራረብን። እስከ ዛሬ ከመካከላችን አንዱ ጥላው ሲሳሳበት «ቶና አድርገው»፣ ሲብስም «አቦል ይፈልጋል» እንባባላለን። ሦስት ወር እቤቴ ቁጭ ብዬ የጠበቅሁት መነሳሳት በዚያች ጣሳ ዙሪያ መጣልኝ።

እሑድ ጠዋት ሁለቱን ሃይላንድ ተሸክሜ፣ ሥዕሉን በብብቴ ይዤ እማማ ግቢ ደረስኩ። ውሃውን ተቀብለው ጀበናቸውን ጣዱ።

«ዛሬ ሦስተኛውን ሳትጠጣ አትነሳም» አሉኝ፣ ረከቦቱን ከጉልበቴ ፈቀቅ እያደረጉ።